«የግብጽ ወንዝ» የትኛው ነው? ስለ ጥንታዊት እስራኤል ወሰን የቀረቡ ጥያቄዎች

ወደዚህ ዓምድ የሚደርሱ ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርስ አይገናኙም። በዚህ ወር ግን ከአምስት ቦታዎች የተላኩ አምስት ደብዳቤዎች፣ ተመካክረው የተጻፉ ይመስል፣ በቅዱሳት መጻሕፍት ስለ ተጻፈው የእስራኤል የምድር ወሰን ይጠይቃሉ። ስለዚህ ገጹን በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። ደብዳቤዎቹን ያሳጠርናቸው ፍሬ ነገራቸውን ሳንነካ ነው።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። በዘፍጥረት 15፥18 ለአብርሃም ዘር የተሰጠው ምድር ከግብጽ ወንዝ እስከ ትልቁ ወንዝ እስከ ኤፍራጥስ እንደሚደርስ ተጽፏል። በቅርቡ አንድ ሰባኪ ‹የግብጽ ወንዝ ዓባይ ነው፤ ዓባይ ደግሞ በዘፍጥረት 2፥13 የኢትዮጵያን ምድር የሚከብበው ግዮን ነው፤ እንግዲህ የተስፋዪቱ ምድር ከጣና ትጀምራለች› ብለው ሲያስተምሩ ሰማሁ። ደስ አለኝ፤ ግን አላመንኩም። እውነቱ የቱ ነው?» (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ደስ ቢልዎትም አለማመንዎ ተገቢ ነበር። ግዮን ዓባይ ነው የሚለው በአገራችን ከጥንት የቆየ ትውፊት ስለሆነ እዚህ ልንሟገትበት አንፈልግም። ነገር ግን ሰባኪው የገነትን ወንዞች ከሚዘረዝረው ምዕራፍ አንድ ቃል፣ ከአብርሃም ቃል ኪዳን ደግሞ ሌላ ቃል ወስደው፣ ጸሐፊው ራሱ ያላገናኛቸውን ሁለት ነገሮች በአንድ ገመድ አስረዋቸዋል።

ዕብራይስጡን የሚያነብ ሰው በመጀመሪያ የሚያስተውለው ዓባይ በብሉይ ኪዳን የራሱ መጠሪያ ያለው መሆኑን ነው። በፈርዖን ሕልም ሰባቱ ላሞች የወጡበት፣ ሕፃኑ ሙሴም በደንገል ሣጥን ሆኖ በዳርቻው የተቀመጠበት ወንዝ «የኦር» ይባላል፤ ቃሉም ከግብጻውያን ቋንቋ የተወረሰ ነው። ወሰን በሚነገርባቸው ቦታዎች ግን ይህ ቃል አይገኝም። በዘኍልቍ 34፥5፣ በኢያሱ 15፥4፣ በአንደኛ ነገሥት 8፥65 እና በኢሳይያስ 27፥12 የደቡቡ ድንበር «ናሐል» በሚል ቃል ተጠርቷል፤ «ናሐል» ዝናብ ሲጥል የሚሞላ፣ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ አሸዋውና ጠጠሩ ብቻ የሚቀር ፈፋ ነው። በዘፍጥረት 15፥18 ብቻ፣ ከመላው የዕብራይስጥ መጽሐፍ በዚህ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ «የግብጽ ናሃር» ተብሎ ተጽፏል። «ናሃር» ዓመቱን ሙሉ የማይነጥፍ ትልቅ ወንዝ ማለት ነው። አማርኛችን ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም «ወንዝ» ስለሚላቸው ልዩነቱ ከአንባቢ ዓይን ይሰወራል። ጣጣው የመጣው ከዚህ ይመስለናል።

ፈፋው የትኛው ነው ለሚለው ብዙዎቹ ሊቃውንት የሚያመለክቱት ዛሬ ዋዲ አል አሪሽ የሚባለውን፣ የሲናን በረሃ ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋርጦ በአል አሪሽ ከተማ አጠገብ ከሜዲትራንያን ባሕር የሚገባውን ደረቅ ወንዝ ነው። ለዚህ ጥንታዊ ምስክር አለ፤ ሰብዓ ሊቃናት የኢሳይያስን መጽሐፍ ወደ ግሪክኛ ሲተረጉሙ «የግብጽ ፈፋ» በሚለው ፈንታ «ሪኖኮሩራ» ብለው ጽፈዋል፤ ሪኖኮሩራ ደግሞ በዘመኑ የአል አሪሽ ስም ነበር። ከጋዛ በስተደቡብ ያለው የቤሶር ፈፋ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ከዓባይ ሸለቆ እጅግ የራቁ ናቸው።

የዘፍጥረቱን «ናሃር» ከፈፋው ለይተው የሚያዩ ሊቃውንት ግን ቃሉ ትልቅ ወንዝ ማለት ስለሆነ ጸሐፊው የዓባይን የመጨረሻ ምሥራቃዊ ቅርንጫፍ፣ በጥንት ጊዜ በፔሉሲዩም ከተማ አጠገብ ወደ ባሕር ይገባ የነበረውንና በኋላ በደለል የተደፈነውን ጅረት ማለቱ ነው ይላሉ። በኢያሱ 13፥3 «በግብጽ ፊት» ያለ፣ ሺሖር የሚባል ውኃ መጠቀሱን ይደግፉበታል። ይህ አስተያየት በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ሆኖም እርሱም ቢሆን የሚያደርሰን እስከ ግብጽ ምሥራቃዊ በር እንጂ ወደ ውስጥ አይደለም። የእኛ ዝንባሌ ወደ ፈፋው ነው።

ከወንዙ ስም ይልቅ ነገሩን የሚቆርጠው ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። በዘፍጥረት 15፥19-21 ምድራቸው የሚሰጠው ዐሥር ሕዝቦች በስም ተዘርዝረዋል፤ ቄናውያን፣ ቄኔዛውያን፣ ቀድሞናውያን፣ ኬጢያውያን፣ ፌርዛውያን፣ ራፋይም፣ አሞራውያን፣ ከነዓናውያን፣ ጌርጌሳውያንና ኢያቡሳውያን ናቸው። ግብጻዊም ኢትዮጵያዊም በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ደግሞስ የዓባይ ዳርቻ ሁሉ የተስፋ ምድር ቢሆን ኖሮ በጌሤም የተቀመጡት እስራኤላውያን ባሕር ከፍሎ መውጣት ምን አስፈለጋቸው?

ጥያቄ፦ «ከ1983 ዓ.ም. ግንቦት ጀምሮ በእስራኤል እኖራለሁ፤ አሁን የምኖረው በአሽቀሎን ነው። ከልጅ ልጄ ጋር ዘኍልቍ 34ን ከካርታ ጋር እያስተያየን ስናነብ አልገጥም አለን። በሰሜን ሊባኖስንና ሶርያን ያስገባል፤ በምሥራቅ ግን ዮርዳኖስ ላይ ይቆማል፤ ሮቤልና ጋድ ደግሞ ከዮርዳኖስ ማዶ ተቀምጠዋል። ይባስ ብሎ የምኖርበት ከተማ የፍልስጥኤማውያን ከተማ ነበረ ተብሎ ተጽፏል። ትክክለኛው ድንበር የቱ ነው?» (እናት አንባቢ፣ ከአሽቀሎን)

መልስ፦ እማማ፣ አልገጥም ያለዎት በትክክል ስላነበቡ ነው። መጽሐፉ አንድ ድንበር ብቻ የለውም፤ በተለያየ ዘመንና ለተለያየ ጉዳይ የተነገሩ ቢያንስ አራት ወይም አምስት ወሰኖች አሉት። ችግሩ የሚጀምረው ሁሉንም በአንድ ካርታ ላይ ለማስፈር ስንሞክር ነው።

ዘኍልቍ 34 የሚሰጠው የከነዓንን ምድር ወሰን ነው። ደቡቡ ከጨው ባሕር ጫፍ ተነሥቶ በአቅረቢም ዐቀበትና በጺን በረሃ አድርጎ በቃዴስ በርኔ በስተደቡብ ይዞርና በግብጽ ፈፋ በኩል ወደ ባሕር ይወጣል። ምዕራቡ ታላቁ ባሕር ነው። ሰሜኑ ከሖር ተራራ (አሮን ከሞተበት ከሌላው ሖር ጋር እንዳይምታታ) ወደ ሐማት መግቢያና ወደ ጽዳድ ይሄዳል። ብዙ ተመራማሪዎች የሐማትን መግቢያ በሊባኖስ የበቃዓ ሸለቆ ካለችው ከለብዌ፣ ጽዳድን ደግሞ በደማስቆና በሆምስ መካከል ካለችው ከሶርያዋ ሰደድ ጋር ያገናኟቸዋል። ምሥራቁ በሪብላ በኩል ወርዶ የኪኔሬትን ባሕር፣ ማለት የገሊላን ሐይቅ፣ ከነካ በኋላ በዮርዳኖስ በኩል እስከ ጨው ባሕር ይዘልቃል።

ይህ ቅርጽ እስራኤላውያን በአንድ ዘመን ሰፍረው ከተቀመጡበት ምድር ጋር አይመሳሰልም። ከሌላ ነገር ጋር ግን ይቀራረባል። ፈርዖኖች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው ምዕት ዓመት ከነዓንን እንደ አውራጃ ሲገዙ፣ በተለይም ዳግማዊ ራምሴስ ከኬጢያውያን ንጉሥ ጋር በ1259 ገደማ ቃል ኪዳን ከተዋዋለ በኋላ፣ የግዛታቸው ሰሜናዊ ጫፍ እዚያው አካባቢ ነበር፤ ዮርዳኖስም ምሥራቃዊ ወሰኑ ነበር። ስለዚህ ዘኍልቍ «ከነዓን» ሲል በዘመኑ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን፣ ስምና ወሰን ያለውን ምድር እየጠራ ነው የሚሉ ሊቃውንት ጥቂት አይደሉም፤ እኛንም ያሳመነን ይኸው ነው።

ሮቤል፣ ጋድና የምናሴ ነገድ እኩሌታ ከዮርዳኖስ ማዶ የተቀመጡት ለከብቶቻቸው ግጦሽ ፈልገው ጠይቀው ነው፤ ታሪኩ በዘኍልቍ 32 ይገኛል። መጽሐፉም ጉዳዩ እንግዳ መሆኑን አይደብቅም። በኢያሱ 22 እነዚህ ነገዶች በዮርዳኖስ አጠገብ ታላቅ መሠዊያ ሲሠሩ ወንድሞቻቸው ለጦርነት ተነሡባቸው፤ ሊቃጠል ምንም ያልቀረው ነገር የበረደው መሠዊያው ለመሥዋዕት ሳይሆን ለምስክርነት የተሠራ መሆኑን ካስረዱ በኋላ ነው። የፈሩት ነገር ምን ነበር ቢሉ፣ «ዮርዳኖስን በእኛና በእናንተ መካከል ድንበር አድርጎታል» ተብሎ የልጅ ልጆቻቸው ከአምልኮቱ እንዳይገለሉ ነበር። ድንበር በማንም ላይ ከውጭ ብቻ እንደማይሠመር ከዚህ ምዕራፍ በላይ የሚያሳይ የለም።

ከዚያ «ከዳን እስከ ቤርሳቤህ» የሚለው አለ። በመሳፍንትና በሳሙኤል መጻሕፍት ሕዝቡ ሁሉ ለማለት የሚነገር አባባል ሲሆን፣ ሰው በእርግጥ የሚኖርበትን ምድር የሚያሳይ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከኤፍራጥስ ጋር ሲተያይ ጠባብ ነው። ሰሎሞን ከኤፍራጥስ እስከ ግብጽ ዳርቻ ገዛ የሚለው አንደኛ ነገሥት 4፥21 ደግሞ ግብር ስለሚያመጡለት መንግሥታት የሚናገር እንጂ ነገዶቹ እስከዚያ ሰፈሩ አይልም። እንዲያውም ይኸው ሰሎሞን በምዕራፍ 9 ለጢሮስ ንጉሥ ለኪራም በገሊላ ምድር ሃያ ከተሞች ሰጠ፤ ኪራምም አይቷቸው አልወደዳቸውም። የተስፋዪቱን ምድር እንደ ውለታ ክፍያ ሲያስረክብ መጽሐፉ ንጉሡን አልገሠጸውም፤ ድንበር የማይነካ ነገር ነው ብለን ለምናነብ ሰዎች ይህ ጥቂት ያስቸግራል።

ወደ ከተማዎ እንመለስ። ኢያሱ 13፥3 ገና ያልተያዘውን ምድር ሲዘረዝር ጋዛን፣ አዛጦንን (የዛሬዋን አሽዶድ)፣ አስቀሎናን፣ ጌትንና አቃሮንን ይጠራል። መሳፍንት 1፥18 በዕብራይስጡ ይሁዳ ጋዛን፣ አስቀሎናንና አቃሮንን ያዘ ሲል፣ ሰብዓ ሊቃናት «አልወረሰም» ብለው ተርጉመዋል። ቀጥሎ ባለው ቁጥር የሸለቆው ሰዎች የብረት ሠረገሎች ስለነበሯቸው ሊያወጣቸው እንዳልቻለ ስለሚነገር፣ የግሪኩ ንባብ ከታሪኩ ጋር ይበልጥ ይስማማል።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ፤ ከልጅ ልጅዎ ጋር ቢያነቡት ደስ ይላችኋል። የፈርዖን መርኔፕታ ሐውልት፣ በ1208 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ የተቀረጸው፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ «እስራኤል» የሚለው ስም የተገኘበት ቀዳሚ ጽሑፍ እንደሆነ ይታመናል። በዚያው መስመር አካባቢ አስቀሎናም ተጠቅሳለች። ግብጻዊው ጸሐፊ አስቀሎናን፣ ጌዝርንና ያኖዓምን ሲጽፍ ለአገር የሚደረገውን ምልክት አደረገባቸው፤ «እስራኤል» በሚለው ላይ ግን የአገሩን ምልክት ትቶ የሕዝቡን ምልክት፣ ወንድና ሴትን፣ ሣለ። በዚያ ዘመን ለግብጻዊው ዓይን አሽቀሎን ቦታ ነበረች፤ እስራኤል ገና ሕዝብ ነበረ።

ጥያቄ፦ «በሥራ ቦታዬ ባልደረቦቼ ‹በእስራኤል ሰንደቅ ዓላማ ላይ ያሉት ሁለቱ ሰማያዊ መስመሮች ዓባይና ኤፍራጥስ ናቸው› ይላሉ። እውነት ነውን?» (አንባቢ፣ ከዱባይ)

መልስ፦ አይደለም። መስመሮቹ የተወሰዱት አይሁድ በጸሎት ጊዜ ከሚለብሱት «ታሊት» ከሚባለው ነጭ ጨርቅ ጥለት ነው፤ የአገራችንን የነጠላ ጥለት የሚያውቅ ሰው ሐሳቡ አይቸግረውም። ዓርማው በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ የአይሁድን አገር ለመመሥረት በተነሡት በጽዮናውያን ስብሰባዎች ላይ ይታይ ነበር፤ የአገሪቱ ይፋዊ ሰንደቅ የሆነው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1948 ነው። የሁለቱ ወንዞች ትርጓሜ ተቃዋሚዎች የሰጡት ሲሆን፣ ዘፍጥረት 15፥18ን ከፖለቲካ ፍርሃት ጋር ያጣመረ ስለሆነ በቀላሉ አይለቅም።

ጥያቄ፦ «በቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ክርክር ተነሥቷል። አንዳንዶቻችን እግዚአብሔር በማለው ድንበር ላይ ሰው ሊደራደር አይገባም እንላለን፤ ሌሎች ይህ ሁሉ በክርስቶስ ተፈጽሞ አልፏል ይላሉ። የዛሬው የእስራኤል መንግሥት ድንበር ከመጽሐፉ የመጣ ነውን? ለእኛስ ምን ትርጉም አለው?» (አንባቢ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ)

መልስ፦ በመጀመሪያው እንጀምር፤ እርሱ የታሪክ ጥያቄ ስለሆነ መልሱ ይታወቃል። የዛሬዎቹ መስመሮች ከዘኍልቍ አልመጡም። ከራፋህ እስከ አቀባ ባሕረ ሰላጤ ጫፍ የሚወርደው መስመር በ1906 በእንግሊዞችና በኦቶማን ቱርኮች ስምምነት ተሠመረ። የሰሜኑ መስመር በ1923 እንግሊዝና ፈረንሳይ ተስማምተው የለዩት ነው። በ1949 ከግብጽ፣ ከሊባኖስ፣ ከዮርዳኖስና ከሶርያ ጋር የተፈረሙት የተኩስ ማቆም ውሎች «አረንጓዴ መስመር» የሚባለውን አስገኙ፤ የ1967ቱ ጦርነት ያንን ለወጠ፤ ከዚያም በ1979 ከግብጽ፣ በ1994 ከዮርዳኖስ ጋር የሰላም ውል ተፈረመ። ከፍልስጥኤማውያን፣ ከሶርያና ከሊባኖስ ጋር ያለው ገና በስምምነት አልተቋጨም። የ1948ቱ የነጻነት መግለጫ ራሱ ድንበርን አይጠቅስም፤ ጉዳዩ ተነሥቶ ሳይጻፍ እንዲቀር ተወስኗል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በዚህ አንቀጽ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፉ ጨርሶ አልገባበትም ማለት ግን አይደለም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅ የወደፊቷን ፍልስጥኤም ስፋት ለመናገር የተጠቀሙበት አባባል «ከዳን እስከ ቤርሳቤህ» የሚለው ነበር። ቀድሞ የተናገርነውን ያስታውሱ፤ ከመጽሐፉ ወሰኖች ሁሉ ጠባቡን፣ ሰው በትክክል የሚኖርበትን ያነሡት የዲፕሎማሲ ሰው መሆናቸው ያስገርማል።

በአይሁድ እምነት ውስጥ ግን ድንበሩ ከሁሉ አስቀድሞ የእርሻ ሕግ ጉዳይ ሆኖ ኖሯል። ምድሪቱ በየሰባት ዓመቱ እንድታርፍ የታዘዘውና ዐሥራት የሚወጣው በእስራኤል ምድር ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ የረቢዎቹ ጥያቄ «ይህ ማሳ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ?» የሚል ነበር። ከግብጽ የወጡት የያዙትን ከባቢሎን የተመለሱት ከያዙት ለይተው ሁለተኛውን ጠባብ አደረጉት፤ የሕጉም ጥብቅነት እንደ ወሰኑ ይለያያል። በቤትሳን አጠገብ በረሖብ ምኩራብ ወለል ላይ በ6ኛው ወይም በ7ኛው ምዕት ዓመት በጠጠር የተነጠፈ 29 መስመር ያለው ጽሑፍ ተገኝቷል፤ ይህ የወሰን ዝርዝር የትኛው መንደር፣ የትኛው አትክልት በሰባተኛው ዓመት እንደሚከለከልና እንደሚፈቀድ የሚያስረዳ ነው። ለጸሎት የመጣ ገበሬ ከእግሩ ሥር ያለውን እያነበበ ስለ ሐብሐቡና ስለ ሽንኩርቱ ይወስናል። በ2021 መጸው በጀመረው የዕረፍት ዓመትም ከጨው ባሕር በስተደቡብ ባለው በዓረባ ሸለቆ ደቡባዊ ክፍል ያሉ እርሻዎች ከየትኛው ወሰን ውስጥ እንደሚቆጠሩ ጥያቄ ነበር።

አሁን ወደ ክርክራችሁ። ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር የዘለሉ ይመስለናል። «ድንበሩ መሐላ ነው» የሚሉት ወገኖች ዘዳግም 2ን ቢያነቡ መልካም ነው። በዚያ ምዕራፍ እስራኤል ወደ ምድሩ ሲቃረብ፣ የዔሳውን ልጆች በሴይር፣ ሞዓብን በዔር፣ አሞንንም በምድሩ እንዳይነኩ ሦስት ጊዜ ይታዘዛል፤ ምክንያቱም ያንን ምድር ርስት አድርጎ የሰጣቸው ራሱ እግዚአብሔር ስለሆነ የጫማ መርገጫ ታህል እንኳ ለእስራኤል አይሰጥም። ለጎረቤትም ድንበርን የሚሰጠው ያው አምላክ ነው ማለት ነው። አሞጽ 9፥7 ይህንኑ ከእኛ አገር ስም ጋር ያነሣዋል፤ «እናንተ ለእኔ እንደ ኢትዮጵያ ልጆች አይደላችሁምን?» ካለ በኋላ ፍልስጥኤማውያንን ከከፍቶር፣ ሶርያውያንንም ከቂር ያወጣ እርሱ መሆኑን ይናገራል። ጥቅሱን ለክብራችን ብቻ እያነሣን የቀረውን ግማሽ መተው ልማድ ሆኗል። በሕዝቅኤል 47 ደግሞ ዘኍልቍ 34ን የሚመስል ወሰን ከተሠመረ በኋላ፣ በመካከላቸው ልጆች የወለዱ መጻተኞች እንደ አገር ልጅ ተቆጥረው በተቀመጡበት ነገድ ውስጥ ርስት እንዲካፈሉ ታዟል። ወሰኑን የጠቀሰ ሰው ይህን ሊዘል አይችልም፤ በዚያው ምዕራፍ ውስጥ ነውና።

«ተፈጽሞ አልፏል» የሚሉትም ቢሆኑ ምድር የሚለውን ቃል በመንፈሳዊ ትርጉም ብቻ ሲያሟሙት የሐዋርያትን መንገድ በሙሉ አይከተሉም። እርግጥ ጳውሎስ በሮሜ 4፥13 አብርሃም የዓለም ወራሽ እንዲሆን ተስፋ እንደተሰጠው ይናገራል፤ ወሰኑ ሰፋ እንጂ ተሰረዘ አይልም። የዕብራውያን መልእክትም በምዕራፍ 11 አባቶች በተስፋው ምድር በድንኳን እንደ መጻተኛ እንደ ኖሩና የሚበልጠውን ሰማያዊ አገር እንደ ናፈቁ ይገልጻል። ጌታም «የዋሆች ብፁዓን ናቸው፥ ምድርን ይወርሳሉና» ሲል የመዝሙረ ዳዊትን ቃል አንሥቷል። በአገራችንም ቀደምት አባቶች ስሙን እንጂ መስመሩን አላመጡም፤ በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት መካከል የሚያልፈው ቦይ ዮርዳኖስ ተብሎ መጠራቱን እዚያ የሄደ ሁሉ ያውቃል። የእኛ ፍርድ እንግዲህ ይህ ነው፤ በጥንቱ ጽሑፍ ላይ የዛሬውን መንግሥት ድንበር መመሥረትም ሆነ በጥንቱ ጽሑፍ ማፍረስ ጽሑፉ ያልተጻፈለት ሥራ ነው። ስለ ዛሬው መስመር የሚከራከር ሰው በውልና በፍትሕ፣ በሚኖሩበትም ሰዎች ዕጣ ይከራከር።

ጥያቄ፦ «መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ የናቡቴን ታሪክ ሲያነቡ ‹የአባቶቼ ርስት› የሚለውን የአያቶቻቸው ርስት ዓይነት አድርገው ይረዱታል። በመጽሐፍ ቅዱስ ያለው ርስትና የእኛ ርስት አንድ ናቸውን? የድንበር ምልክት አታፍልስ የሚለው ሕግስ?» (አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ከሁሉ ደስ ያለን ጥያቄ ይህ ነው። ተርጓሚዎቹ «ናሐላ» የሚለውን የዕብራይስጥ ቃል «ርስት» ብለው መተርጎማቸው ለአማርኛ አንባቢ ትልቅ ስጦታ ነው፤ በሌላ አገር ማብራሪያ የሚያስፈልገው የናቡቴ እንቢታ በእኛ አገር በሚስትና በርስት ቀልድ የለም ብሎ ላደገ ሰው ሳይብራራ ይገባዋል። አክዓብ የተሻለ የወይን ቦታ ወይም ገንዘብ ሲያቀርብ ንግዱ መጥፎ አልነበረም፤ ናቡቴ ግን ሻጭ አልነበረም። በዘሌዋውያን 25፥23 ምድር ለዘላለም እንዳትሸጥ የታዘዘው ባለቤቷ እግዚአብሔር፣ ሕዝቡ ደግሞ በእርሱ ዘንድ እንግዶችና መጻተኞች ስለሆኑ ነው።

የድንበር ድንጋይ ማፍለስ በዘዳግም 19፥14 ተከልክሏል፤ በ27፥17 ደግሞ ሕዝቡ ሁሉ አሜን እያለ የሚረገም ሰው ሥራ ሆኗል። መርገም ያስፈለገው ወንጀሉ ሌሊት፣ ምስክር በሌለበት የሚሠራ ስለሆነ ይመስለናል፤ ድንጋዩን በክንድ ያህል ገፋ አድርጎ በላዩ ላይ ማረስ እንዴት እንደሚሠራ በገጠር ያደገ አንባቢ አይነገረውም። ሆሴዕ 5፥10 የይሁዳን አለቆች የሚነቅፈው ድንበር እንደሚያፈልሱ ሰዎች ሆኑ ብሎ ነው። እንዲህ ያሉ ድንጋዮች ምን እንደሚመስሉ ለማወቅ የጌዝር ከተማ ዙሪያ ይጠቅመናል፤ እ.ኤ.አ. ከ1874 ጀምሮ በተራራው ዐለት ላይ የተቀረጹ ዐሥራ ሦስት ጽሑፎች ተገኝተዋል፤ ብዙዎቹ በዕብራይስጥ ፊደል «የጌዝር ወሰን» ሲሉ፣ አንዳንዶቹ በግሪክኛ «የአልኪዮስ» (የሰው ስም ነው) ይላሉ። ዕድሜያቸው ግን ከኢያሱ ዘመን እጅግ የዘገየ፣ ወደ ክርስቶስ ልደት ዘመን የቀረበ ነው።

ልዩነቱን ግን ለተማሪዎችዎ ሳይነግሩ አይለፉ። በእስራኤል ምድሩ በዕጣ ለየነገዱ የተከፈለ ሲሆን፣ የተሸጠ ሁሉ በኢዮቤልዩ፣ በሃምሳኛው ዓመት፣ ወደ ቤተሰቡ ይመለስ ዘንድ ታዝዟል። በእኛ ርስት የሚመለስበት ዓመት አልነበረም፤ መብቱ ከዋናው አባት በሚቆጠር ትውልድ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ባለመብቱ በየትውልዱ እየበዛ፣ ድርሻው እየጠበበ፣ ክርክሩም እየረዘመ ይሄድ ነበር፤ ይህም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት እስከሆነበት ድረስ ቆይቷል። ከሁሉ የሚለየው ግን የሴቶች ድርሻ ነው። የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች ወንድም ስላልነበራቸው የአባታቸውን ርስት እንዲወርሱ በዘኍልቍ 27 ተፈቀደላቸው፤ በምዕራፍ 36 ግን የነገዳቸው አለቆች መጥተው «ከሌላ ነገድ ባል ካገቡ ርስታችን ይጎድላል» ብለው አመለከቱ፤ እነርሱም ከአባታቸው ነገድ ብቻ እንዲያገቡ ተወሰነ፤ የነገዱ ወሰን በሴቶቹ ጋብቻ ተጠበቀ። በጎጃም ግን አንድ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ርስት ሊጠይቅ ይችል ስለነበር፣ ከሩቅ አገር ያገባች ሴት ልጆች አድገው ወደ እናታቸው አገር መጥተው ድርሻችንን አካፍሉን ይሉ ነበር፤ የመጡትንም ዘመዶቻቸው በዕልልታ አይቀበሏቸውም ነበር።